ገና እየተሠራ ያለ ሳንባ፦ ጊዜያቸው ሳይደርስ ስለተወለዱ ሕፃናት አተነፋፈስ በጅማ የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ፤ አካም ኦልታን። ከአጋሮና ከሰቃ ድረስ ለመጣችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ልጆቻችሁን አዝላችሁ ለተገኛችሁ እናቶች፣ ቦታ ጠቧችሁ ከኋላ ለቆማችሁ ተማሪዎች ምስጋናዬ የላቀ ነው። ልጅ ቢያለቅስ ማንም አይሳቀቅ። የምሠራው ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነውና የሚያለቅስ ልጅ ድምፅ ደስ ይለኛል፤ የሚያስፈራኝ ዝም ያለው ነው።

ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ልጅ መተንፈስ ሲያቅተው «ሳንባው ታሟል» እንላለን። ልክ ነው፣ ሊታመም ይችላል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር እንያዝ፤ ሳንባው ገና ተሠርቶ አላለቀም። ማሕፀን ውስጥ ሊያልቅ የሚገባው ሥራ ውጭ፣ በብርዱና በጀርሙ መሐል፣ በእኛ ቱቦና መርፌ መካከል ይቀጥላል። ሐኪምም ነርስም ሳንባ ሠርተው አይሰጡም፤ ሳንባው ራሱን ይሠራል። የእኛ ድርሻ ሥራው እንዳይበላሽ መጠበቅ ነው፤ መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ ደግሞ እናንተ ቤት።

ሙሉ እርግዝና 40 ሳምንት ያህል ነው፤ 37 ሳምንት ሳይሞላው የመጣ ልጅ ያለጊዜው የተወለደ ይባላል። በ24ኛው ሳምንት አካባቢ ሳንባ ውስጥ ያሉት ቱቦዎችና በወጉ ያልተከፋፈሉ ከረጢቶች ናቸው። አየርና ደም የሚለዋወጡባቸው ደቃቅ የአየር ከረጢቶች በብዛት መሠራት የሚጀምሩት ወደ 36ኛው ሳምንት ገደማ ነው። በወሩ የተወለደ ልጅ እንኳ ይዞ የሚመጣው ከ20 እስከ 50 ሚሊዮን ቢገመት ነው፤ አዋቂ ሰው ግን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ አሉት። ቀሪው የሚሠራው ከተወለደ በኋላ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት። ይህን ሁለት ዓመት ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የከረጢቶቹ ውስጠኛ ግድግዳ እርጥብ ነው። ውስጡን ውኃ የነካው ፌስታል ግራና ቀኙ ተጣብቆ አልከፈት እንደሚል ታውቃላችሁ፤ ሳንባም አንድ ቅባት መሰል ነገር ባይኖረው ኖሮ በየትንፋሹ እንደዚያ ይጣበቅ ነበር። ይህ ነገር ሰርፋክታንት ይባላል። የሳንባው ሕዋሳት እያመረቱ የሚያከማቹት ሲሆን በበቂ መጠን የሚገኘው ከ34ኛና 35ኛ ሳምንት ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የመጣ ልጅ እያንዳንዱን ትንፋሽ እንደ መጀመሪያው ትንፋሽ በትግል ይስባል። የጎድን አጥንቱ መሐል ይሰረጎዳል፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ይርገበገባል፣ ሲያስወጣ ያቃስታል። ማቃሰቱ የሕመም ድምፅ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጉሮሮውን ጠበብ አድርጎ አየሩ ተሟጦ እንዳይወጣ መያዙ ነው። ማንም ሳያስተምረው።

እዚህ ላይ፣ «የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። በሳንባ በኩል ካየነው ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ እያንዳንዱ የማሕፀን ሳምንት ትርፍ ነው፣ የስምንት ወሩ ከሰባት ወሩ በብዙ ይሻላል። ይህን ሰምታ በስምንት ወር በወለደችው ልጇ ተስፋ የቆረጠች እናት ካገኛችሁ ቁጭ ብላችሁ አስረዷት።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1963 (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከቀኑ አምስት ሳምንት ተኩል ቀድሞ ተወለደ። ክብደቱ 2.1 ኪሎ ነበር። የታላቂቱ አገር ሐኪሞች በሙሉ ተጠርተው፣ ግፊት ያለው የኦክስጅን ክፍል ውስጥ ሳይቀር ገብቶ፣ በ39 ሰዓቱ አረፈ። ዛሬ ያን የሚያህል ልጅ እዚህ ጅማ ሲገባልን ከባድ ከምንላቸው አይደለም። የሚገርመው፣ ገዳዩ ምን እንደሆነ ያኔ ታውቆ ነበር፤ ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄር ሚድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሰርፋክታንት እጥረት መሆኑን ያሳዩት በ1959 ነው። ከማወቅ እስከ ማዳን ግን ረጅም መንገድ ሄደ፤ ፉጂዋራ የተባሉ ጃፓናዊ ሐኪም ከከብት ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት ለ10 ሕፃናት ሰጥተው መሥራቱን ያሳወቁት በ1980 ነው። መድኃኒቱ ዛሬም ውድ ነው፣ በየሆስፒታሉ አይገኝም።

ርካሹ መድኃኒት የመጣው ደግሞ ከበግ ነው። በኒውዚላንድ ግርሃም ሊጊንስ የተባሉ ሐኪም ምጥ በምን እንደሚጀመር ለማወቅ በጎች ላይ ይመራመሩ ነበር። ማሕፀን ውስጥ ላለው ግልገል የስቴሮይድ ሆርሞን ሲሰጡት ቀድሞ ተወለደ። በዕድሜው መሞት ነበረበት፤ ግን እየተነፈሰ አገኙት፤ ሳንባውም ከዕድሜው በላይ በስሎ ነበር። ከባልደረባቸው ሮስ ሃዊ ጋር በሴቶች ላይ ሞክረው ውጤቱን በ1972 አወጡ። ዛሬ ከ24 እስከ 34 ሳምንት ባለው ጊዜ ቀድማ ልትወልድ ለተቃረበች እናት የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን የተባለው የስቴሮይድ መርፌ የዚያ ግልገል ውጤት ነው፤ በየ12 ሰዓቱ አንድ፣ በጠቅላላው አራት።

የኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ። መርፌው ለመሥራት ሰዓታት ይፈልጋል። እናትየዋ ልጁ ሊወጣ ሲል ከደረሰች እኛ ጋ ያለው መርፌ ለልጇ ብዙም አይፈይድለትም። ሽርት ውኃዋ ከፈሰሰ፣ ሆዷን ቆረጥ ቆረጥ ካደረጋት፣ ደም ካየች «እስኪነጋ እንይ» አይባልም፤ የዚያኑ ሰዓት ትላክ። የመጨረሻ የወር አበባዋ ቀን ወረቀቱ ላይ ይጻፍላት፤ ሳምንቱን ካላወቅን መርፌውን ለማዘዝ እጃችን ይታሰራል። ታዲያ ለምን እኛው ጤና ኬላ አንወጋትም የምትሉ ትኖራላችሁ። በ2015 የወጣ ትልቅ ጥናት መርፌው የእርግዝናው ዕድሜ በቅጡ ሳይታወቅና ለሕፃኑ በቂ ሕክምና በሌለበት በሰፊው ሲሰጥ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል አሳይቷል። በ2020 በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን ሆስፒታሎች የተሠራው ግን፣ ሳምንቱ በአልትራሳውንድ ተረጋግጦ ሲሰጥ የሕፃናትን ሞት እንደሚቀንስ አረጋገጠ። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የሚለየው ቦታውና ሰዓቱ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በ2019 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት አምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ውስጥ ተሠርቷል፤ ከአምስቱ አንዱ የጅማው ነበር። ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከገቡት 3,852 ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች 1,109ኙ 28 ቀን ሳይሞላቸው አርፈዋል። ከሟቾቹ 45 በመቶ የሚሆኑትን የወሰደው ይኸው የሳንባ አለመብሰል ነው። ብርድ ደግሞ ራሱን ችሎ ባይገድልም በአብዛኞቹ ሞት ላይ እጁን አስገብቷል።

አሁን ወደ ኦክስጅን ልምጣ፤ ዋናው ክርክሬ ያለው እዚህ ነው። ኦክስጅን ንጹሕ አየር ስለሚመስል ሰው አይፈራውም። ግን መድኃኒት ነው፤ መጠን አለው፣ ሲበዛ ይመርዛል። በ1940ዎቹና በ50ዎቹ ሀብታም አገሮች ውስጥ ቀድመው የተወለዱ ልጆች ያለገደብ ኦክስጅን ይሰጣቸው ነበር። ወደ 10 ሺህ የሚጠጉት ዓይናቸው ጠፋ፤ ዘፋኙ ስቲቪ ወንደር ከነዚያ ልጆች አንዱ ነው። ሳንባ ላይ የሚያደርሰውን ደግሞ በ1967 የጻፉልን ዊሊያም ኖርዝዌይ የሚባሉ የኤክስሬይ ሐኪም ናቸው። 32 ሕፃናትን ተከታትለው፣ በመሣሪያ እየተነፈሱ ከ80 እስከ 100 በመቶ ኦክስጅን ለቀናት የወሰዱት ሳንባቸው ጠባሳ እየያዘ፣ አንዱ ጋ እየተነፋ ሌላው ጋ እየተኮማተረ ሲሄድ አዩ። ስሙን ብሮንኮፐልሞናሪ ዲስፕሌዥያ አሉት። እኔ በአማርኛ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም እለዋለሁ፤ ቤተሰብ የሚገባው ይሄ ነው።

ልብ በሉ፣ ይህ ሕመም የሚይዘው ከሞት የተረፉትን ነው። የሞተ ልጅ ሥር የሰደደ ሕመም የለበትም። ስለዚህ ብዙ ልጅ ባዳንን ቁጥር ሕመሙም አብሮ ይመጣል፤ ይህን ሳንደነግጥ መጠበቅ አለብን። በጸደቀው መለኪያ ልጁ ቢያንስ 28 ቀን ኦክስጅን ከፈለገ ሕመሙ አለበት እንላለን፤ የሕመሙን ክብደት የምንለካው ደግሞ ከማሕፀን ጊዜው ጋር ተደምሮ 36 ሳምንት ሲሞላው ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚፈልግ አይተን ነው። ዛሬ ባደጉት አገሮች በብዛት የሚታየው ከ28 ሳምንት በፊት በተወለዱት፣ ከ1 ኪሎ በታች በሆኑት ላይ ነው። ጠባሳው እንደ ድሮው አይበዛም፤ የከረጢቶቹ ሥራ ግን መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። እኛ አገር፣ በእኔ ግምት፣ የድሮውም ዓይነት ገና አልጠፋም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከሲሊንደር የሚወጣው ንጹሕ ኦክስጅን ነው፣ ከአየር ጋር የሚደባልቀው መሣሪያ በሁሉም ቦታ የለም።

ሲፓፕ የሚባለውን የመተንፈሻ ማገዣ ያየች እናት እዚህ ብዙ አለች። ልጁ አፍንጫ ላይ ሁለት አጫጭር ቱቦ፣ ከዚያ ረዘም ያለ ቱቦ፣ ጫፉ ደግሞ ውኃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ አምስት ስድስት ሴንቲሜትር ጠልቆ። ውኃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። የዚያች አምስት ሴንቲሜትር ውኃ ግፊት ናት ወደ ኋላ ተመልሳ ከረጢቶቹ ተጣብቀው እንዳይቀሩ የምትይዘው፤ ልጁ በማቃሰት ሲያደርግ የነበረውን እሷ ተረክባ ትሠራለታለች። እናቶችን የማዛቸው አንድ ነገር አለ፦ «ውኃው መፍላቱን ካቆመ ጥሪኝ።» ሲያቆም ወይ ቱቦው ከአፍንጫው ወጥቷል፣ ወይ የሆነ ቦታ ተላቋል። ይህን ከእኔ ቀድመው የሚያዩ እናቶች አሉ፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ለብዙ ልጅ አንድ ነርስ ስንሆን በነሱ ዓይን ነው የምንሠራው።

እግሩ ላይ የምትታሰረው ቀይ መብራት ደግሞ ደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ትለካለች። ቁጥሩ 100 ሲል ቤተሰብ «ተመስገን» ይላል። ልጁ ኦክስጅን ላይ ሆኖ 100 ካለ እኔ እደነግጣለሁ፤ ምን ያህል እንደተረፈው አላውቅምና። ቀድሞ ለተወለደ፣ ኦክስጅን ላይ ላለ ልጅ የምንፈልገው ከ90 እስከ 95 ነው። «ለምን ቀነስሽበት» ብሎ የሚቆጣ አባት ካለ አልቀየመውም፤ ግን የቀነስኩት ለዓይኑና ለሳንባው ብዬ ነው። ደግሞ ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፤ አየሩ ራሱ ግን ከቆላው የሳሳ ነው። ስለዚህ እዚህ ከኦክስጅን የተላቀቀ ልጅ ወዲያው ወደ ባሰ ደጋ ሲወጣ ትንሽ ሊከብደው ይችላል፤ ቤታችሁ የት እንደሆነ ደጋግመን የምንጠይቃችሁ ለዚህም ነው።

አንድ ነገር ስናገር ጅማዎች ደስ ይላችኋል። ቀድመው የተወለዱ ልጆች አእምሯቸው ስላልበሰለ መተንፈስ ይረሳሉ፤ ለ20 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ጸጥ ይላሉ። መድኃኒቱ ካፌይን ነው፤ አዎ፣ የቡናው። ከ2,000 በላይ ልጆች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2006 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ካፌይን ከወሰዱት ውስጥ ሥር የሰደደው የሳንባ ሕመም የያዛቸው 36 በመቶ ሲሆኑ ካልወሰዱት ግን 47 በመቶ ናቸው። ካፌይን በማይገኝበት አሚኖፊሊን እንሰጣለን። ታዲያ አደራችሁን፣ ይህን ሰምቶ ለሕፃን ቡና የሚያቀምስ እንዳይኖር! የእኛው በሚሊግራም የተለካ ነው።

እንግዲህ ልጁ ከኦክስጅን ወረደ፣ ጠባ፣ ክብደት ጨመረ፣ ወጣ። ሁለት ዓመት ያልኩት የሚጀምረው እዚህ ነው።

እኛ በር ላይ «ልጁን በደንብ አሙቂው» ብለን እንሸኛለን። እናት ቤቷ ስትገባ ምን ታደርጋለች? መስኮት ትዘጋለች፣ በሩን በነጠላ ትደፍናለች፣ ከሰል አቀጣጥላ መሐል ቤት ታስቀምጣለች። የታዘዘችውን ማድረጓ ነው። የከሰል ጭስ ግን ሰው ሳይነቃ የሚገድል መርዝ አለው፤ ባይገድል እንኳ እየተሠራ ያለውን ሳንባ ቀን ከሌት ይለበልበዋል። ምክራችን ግማሽ ነበር ማለት ነው። ሙሉው ይሄ ነው፤ ማሞቂያው የእናት ገላ ነው። ልጁን በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ አድርጋችሁ ጡቶቻችሁ መሐል ቀጥ አድርጋችሁ አስተኙት፣ በጨርቅ እሰሩት፣ ላዩን ጋቢ ደርቡ። አባትም ይችላል፣ አያትም ትችላለች። በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ ኢንኩቤተር ሲጠፋ የተጀመረ ዘዴ ነው፤ በ2021 በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተሠራ ጥናት ደግሞ፣ ልጁ እስኪጠነክር ሳይጠበቅ ወዲያው እንደተወለደ ሲጀመር ሞትን በሩብ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ቡና ቁርስ አንከለክልም፤ ጅማ ላይ ቆሜ ቡና ልከልክል ብል ማን ይሰማኛል። ግን ቡናው ልጁ በሌለበት ክፍል ወይም በረንዳ ላይ ይቆላ፣ ዕጣኑም እዚያው ይጨስ። ምድጃ ያለበት ቤት ውስጥ ልጅ አዝሎ እንጀራ መጋገር ይቅር። ሲጋራማ አይነሳም። አራስ ጥየቃ የሚመጣው ዘመድ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበል፣ ዱዓ ያድርግ፣ ገንፎውን ይብላ፤ ጉንፋን ያለበት ግን ከበር ይመለስ፣ ማንም ልጁን አይሳም። ለእኔና ለእናንተ የሁለት ቀን ንፍጥ የሆነው ቫይረስ እነዚህን ልጆች መልሶ ኦክስጅን ላይ ይጥላቸዋል። እናት ራሷ ጉንፋን ከያዛት ማጥባቷን አታቁም፤ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ እጇን ከታጠበች በኋላ ታጥባው።

ጡት ላይ ልጁ ቶሎ ይደክማል፤ መተንፈሱ ራሱ ጉልበት ይበላበታል። ትንሽ ጠብቶ ሲያልበው አሳርፉት፣ ከዚያ እንደገና። ካልቻለ አልባችሁ በስኒ ስጡት። ሳንባ የሚያድገው አካል ሲያድግ ነውና ክብደቱ አልጨምር ካለ ሳል ባይኖረውም አምጡት። ክትባት ደግሞ «ገና ትንሽ ነው» ተብሎ አይዘገይም። የ45 ቀን ክትባቱ የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ነው፤ ጀርሙ የቀኑን ማነስ አይቶ አይምረውም። ከሌላ ልጅ ጋር ስታወዳድሩት ግን ቀድሞ የመጣበትን ቀንሱለት፤ በሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ የስድስት ወር ልጅ የሚጠበቅበት የአራት ወር ልጅ የሚያደርገውን ነው።

ትንፋሽ መቁጠር ሁላችሁም ትችላላችሁ። ልጁ ተኝቶ ወይም ረግቶ ሳለ ልብሱን ግለጡ፣ ሆዱን እዩ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሆንም፣ እነዚህ ልጆች አንዴ ይፈጥናሉ አንዴ ያርፋሉ። ሁለት ወር ላልሞላው ልጅ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ድገሙት፤ አሁንም ያው ከሆነ ሐኪም ጋ ነው። ደረቱ ከተሰረጎደ፣ ካቃሰተ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ መተንፈስ ካቆመ፣ መጥባት እምቢ ካለ ግን ቆጠራም አያስፈልግም፤ ባጃጅ ጥሩ። በመንገድ ላይም ገላ ለገላ ይዛችሁት ኑ።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ ልጨምር። አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ እኛ እንጥሉ ወርዶ ነው ብለን እናስቆርጠዋለን፣ ሳሉም ይተወዋል» አሉኝ። እማማ፣ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ችግሩ ያለው ከእንጥሉ በታች፣ ሳንባው ላይ ነው። ሲቆረጥ ይደማል፣ ይመረቅዛል፣ ደሙም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቅቤ ማስዋጡም እንዲሁ ነው፤ ወደ ሆድ የሄደ የመሰለው ቅቤ ወደ ሳንባ ቢገባ ለማውጣት መንገድ የለንም። «ሆሆ፣ እኛስ አድገን የለ» አሉ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ያደጉት እዚህ ተቀምጠው ይስቃሉ፤ ያላደጉት ግን መጥተው ሊነግሩን አልቻሉም አልኳቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይስማሙ አይስማሙ አልገባኝም።

ሌላው ጥያቄ ከአንድ የጤና ሳይንስ ተማሪ ነው፤ «ሕመሙ ይህን ያህል የሚጠበቅ ከሆነ ለምን በመዝገቦቻችን ላይ ብዙም አናየውም?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ በጣም ቀድመው የሚወለዱት ብዙዎቹ ገና 28 ቀን አይደርሱልንም። ሁለተኛ፣ የደረሱትም መውጫ ወረቀታቸው ላይ ኦክስጅን ከመቼ እስከ መቼ እንደወሰዱ ሁልጊዜ አይጻፍም። ልጁ በስድስት ወሩ እያፈነ ሲመጣ ያገኘው ሐኪም ሳንባ ምች ይለዋል፣ በዓመቱ ሲመጣ አስም ይለዋል፤ በስንት ሳምንቱ እንደተወለደ የጠየቀ የለም። ስለዚህ መውጫ ወረቀት ስትጽፉ ሦስት ነገር አትርሱ፦ የተወለደበት ሳምንት፣ ኦክስጅን ያቆመበት ቀን፣ ሲወጣ ያለ ኦክስጅን የተለካው ቁጥር። እናቶችም ወረቀቱን ከክትባት ካርዱ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት፤ ልጁ ለሳልም ይሁን ለሌላ ሐኪም ቤት በሄደ ቁጥር ከማንም በፊት እሱን አውጥታችሁ አሳዩ።